ሰባት ነጥብ ምናምን

ዓሣ ሐይቅ ውስጥ እያለ ደግ ፍጥረት ነው፤ ማንንም ውኃ ቅዳልኝ አይልም። ሳሎን የገባ ዕለት ግን የቤቱ አባወራ እሱ ይሆናል።

የልጅ ልጄ ቴሌቪዥኑን አንሥቶ በቦታው የመስተዋት ገንዳ ገትሯል። ገንዳው ውስጥ ሣር ተክሏል፤ በሣሩ መሃል ከጣቴ አንጓ ብዙም የማይበልጡ ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። አይበሉም፤ ጠይቄያለሁ። ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ክርክር እንኳ እነሱን አይመለከትም።

ይህ ልጅ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ የመስተዋት ቱቦ ይዞ ገንዳው ሥር ይንበረከካል። 5 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፣ መድኃኒት ያንጠባጥብበታል፣ ከድኖ ያገላብጠዋል። ውኃው ቢጫ ከሆነ ወደ አሲድ አዘንብሏል፣ አረንጓዴ ከሆነ መሃል ላይ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ወደ አልካሊ ሄዷል። ከዚያ ቱቦውን ቀለም ከተደረደረበት ካርድ ጎን ይይዝና፣ «አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ 6 ነጥብ 8 ነው ወይስ 7?» ይለኛል። ሞራ በተገፈፈ ዓይኔ!

ፒኤች የሚሉትን ይህን የአሲድነት መለኪያ ያመጣው ሶረን ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1909፣ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ቤተ ሙከራ። የቢራ ቤት ሰው መሆኑ አልገረመኝም። ምክንያቱም ሒሳቡ የጤነኛ አይደለም። ከ7 ወደ 6 ሲወርድ አንድ ብቻ የቀነሰ ይመስላል እንጂ አሲድነቱ 10 እጥፍ ሆኗል፤ 5 ከደረሰ ደግሞ 100 እጥፍ። እኛ የተማርነው አንድ ሲቀነስ አንድ የሚጎድልበትን ሒሳብ ነበር።

ቁጥሩ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጠዋት 6 ነጥብ 6 ያለው ማታ 7 ነጥብ 2 ይላል። ይኼኔ ቤት ይታመሳል፤ ማን እጁን ከተተ፣ ማን ሳሙና አስጠጋ ተብሎ ሠራተኛዋ ትመረመራለች። ምስኪኗ ምን አደረገች? ጥፋተኛው ሣሩ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ይሆናል። ቀን ብርሃን ሲያገኝ ሣሩ ይህን ጋዝ ይመገባል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ሌሊት ደግሞ ሣሩም እንደ ዓሣው ጋዙን ሲተነፍስ ስለሚያድር ቁጥሩ ይወርዳል። ታዲያ የዛሬን ጠዋት ከትናንት ማታ ጋር አስተያይቶ መጮህ ምን ይሉታል? ሰዓቱን ሳይለዋውጡ መለካት ነው እንጂ።

እሱ ግን ለሣሩ ጋዝ አነሰው ብሎ በፕላስቲክ ጠርሙስ ስኳርና እርሾ በጥብጦ፣ አረፋውን በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው ይልካል። ስኳር በዚህ ዋጋ! ከአልጋዬ አጠገብ ጠጅ ይጣልብኛል፣ ቀማሽ ግን የለም። ጋዙ ሲበዛም ፒኤቹ ይወርዳል፤ ልጁም እንደገና ወደ ቱቦው ይሮጣል።

እኔን ግን ከመለካቱ ይልቅ የሚያበሽቀኝ ቁጥሩን ማሳደዱ ነው። ልክ 7 ላይ ካልቆመ እንቅልፍ የለውም። አቼቶ ጠብ ያደርጋል፣ ይወርዳል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ይደግመዋል። ውኃ ውስጥ የተሟሟ ካርቦኔት አለ፣ ኬኤች ብለው የሚለኩት። እንደ ጨዋ ሽማግሌ ነው፤ የጣሉበትን ይውጣል፣ ይውጣል፣ ትዕግሥቱ ያለቀ ዕለት ግን ማንም አይመልሰውም። ካርቦኔቱ ሲያልቅ ፒኤቹ ባንድ ሌሊት ይናዳል። ያን ጊዜ ልጁ ደንግጦ ቤኪንግ ሶዳ ይሞጅራል፤ ቁጥሩ ይተኮሳል። ይሄኛው ይብሳል፤ ፒኤች ሲወጣ ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣው ብዙም የማይጎዳ አሞኒየም ወደ መርዘኛው አሞኒያ ይለወጣል። ዓሣውን የሚያደክመው ይህ መዋዠቅ ነው እንጂ 6 ነጥብ 8 ወይም 7 ነጥብ 2 መሆኑ አይደለም።

የነዚህ ዘሮች አገራቸው አማዞን ነው፤ ለስላሳና አሲድ ያለበት ውኃ። ገበያ ላይ ያሉት ግን አብዛኞቹ እርባታ ጣቢያ የተፈለፈሉ ስለሆኑ አማዞንን በስሙም አያውቁት። የእኛው ሻላ ሐይቅ ፒኤቹ ወደ 10 ይጠጋል፤ ማንም ግን አቼቶ ይዞ አልሄደበትም።

ደግሞ የእኛ ቧንቧ! ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድብ ውኃ ዝናብ ያጠራቀመው ነው፤ የአቃቂ ጉድጓድ ውኃ ደግሞ ከድንጋይ ጋር ስለኖረ ማዕድኑ ይበዛል። ከየትኛው እንደተላከልን ማን ይነግረናል? በዚያ ላይ ከቧንቧ እንደወረደ የተለካ ውኃና በባልዲ ያደረ ውኃ አንድ ቁጥር አይሰጡም፤ ውስጡ የነበረው ጋዝ እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ባልዲው ሁሉ ለዓሣ ሲያድር እኔ በጆግ እታጠባለሁ።

አሁን ደግሞ ጠብታው ሰለቸው። ከአሜሪካ የምትመጣ አክስቱ ለእኔ የጉልበት ቅባት፣ ለእሱ የፒኤች መለኪያ ብዕር እንድታመጣ አደራ ተባለች። ሻንጣ ሞላብኝ ብላ አንዱን ትታ መጣች። ብዕሩ በየጊዜው ባለ 4 እና ባለ 7 ፈሳሽ ውስጥ እየተነከረ ይስተካከላል፤ ጫፉም እንዳይደርቅ የራሱ ፈሳሽ ተደርጎለት ነው የሚያድረው። ጉልበቴ እንደደረቀ ያድራል።