ኧረ ሩጫው ይለካልን!

ብርዱን ደብረ ብርሃን የኖረ ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የወረደው ውርጭ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ሣሩን አንጥቶት ይቆያል። በዚህ ብርድ ነው እንግዲህ "የጎዳና ሩጫው ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ቀደም ብላችሁ ተገኙ" እየተባለ በሞንታርቦ የሚለፈፈው። ሰው ቃል አምኖ ይወጣል። በቁምጣና በስስ ቲሸርት፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይቆማል። 12 ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ ሞንታርቦው "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት" ይላል። 1 ሰዓት ያልፋል፤ የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው ይባላል። ይመጣሉ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ንግግር ያደርጋሉ። ቀጥሎ የስፖንሰሩ ተወካይ፣ ቀጥሎ የኮሚቴው ሰብሳቢ። ያሟሟቅነው ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ እንደገና እናሟሙቃለን፤ እንደገና ይቀዘቅዛል። በቀዘቀዘ ጅማት ተነሥቶ ገና ሩቅ ሳይሄድ ባቱን ይዞ የተቀመጠ ሰው ያልደገፈ ማን አለ?

ኧረ በሕግ አምላክ! ሰዓት ማክበር እኮ በጀት አይጠይቅም።

ይህን የምለው ሩጫውን ጠልቼ አይደለም። እወደዋለሁ፤ እሮጣለሁ፣ ሲጠሩኝም አስተባብራለሁ። ሸዋ ሩጫ ያልገባው አገር አይደለም። አበበ ቢቂላ የሸዋ ልጅ ነው። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኘው ጫጫ ጌጤ ዋሚን አፍርታለች። ጌጤ በ2007 እ.ኤ.አ. መስከረም መጨረሻ ላይ የበርሊንን ማራቶን አሸንፋ፣ በ35ኛው ቀን ኒው ዮርክ ላይ ደግማ ሮጣ ከፓውላ ራድክሊፍ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች፤ እነዚህ ውጤቶች ተጨምረውላትም የታላላቅ ማራቶኖችን የነጥብ ውድድር አሸንፋ 500 ሺህ ዶላር ተሸለመች። ከ35 ቀን በኋላ ሁለተኛ ማራቶን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው የወጣበት አካባቢ አንድ የሰፈር ሩጫ በወጉ ማካሄድ ሲያቅተው ነው አንጀት የሚያሳርረው።

ከሁሉ የሚብሰኝ ርቀቱ ነው። ቲሸርቱ ላይ "10 ኪሎ ሜትር" ተብሎ ይጻፋል። ማን ለካው? በምን ለካው? ብትጠይቁ አንድ ሰው በመኪና ሄዶ የመኪናውን ቆጣሪ አይቶ መጥቷል ይሏችኋል። መዞሪያው ላይ ባንዲራ የያዘ ልጅ ይቆማል፤ አምና የቆመው ከድልድዩ ወዲህ ነበር፣ ዘንድሮ ጥላ ፍለጋ ከድልድዩ ወዲያ ሄዷል። ስንጨርስ የአንዱ የእጅ ሰዓት 9 ከምናምን ይላል፣ የሌላው 10 አልፏል። ዓመቱን ሙሉ ጧት ጧት እየተነሣ የተዘጋጀ ወጣት "ካምናው በሁለት ደቂቃ አሻሽያለሁ" ብሎ ሲደሰት ምን ልበለው? ያሻሻለው እሱ ይሁን ወይስ ባንዲራ ያዡ ልጅ ማን ሊያውቅ ይችላል? ላቡ የሚቆጠርበት ነገር የለውም።

መለካቱ ደግሞ ብስክሌትና ጥቂት ቀላል መሣሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ የጎዳና ሩጫዎች ሁሉ የሚለኩት በብስክሌት ነው። በፊት ጎማው መሐል ላይ የጎማውን መዞር የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ ትገጠማለች። መጀመሪያ ቢያንስ 300 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ መንገድ በብረት ሜትር ይለካል፤ ብስክሌቱ በዚያ ላይ ደጋግሞ ተነድቶ አንድ ኪሎ ሜትር ስንት ቁጥር እንደሚሆን ይታወቃል። ከዚያ ሯጭ ሊሮጥበት በሚችለው አጭሩ መስመር፣ ኩርባው ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ይነዳል። በመጨረሻም ርቀቱ እንዳያንስ ከሺህ አንድ እጅ ይጨመርበታል፤ ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ማለት ነው። በቃ። ከተማችን ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ጠፍቶ ነው? አንድ እሑድ ማለዳ ተለክቶ አስፋልቱ ዳር በቀለም ምልክት ቢደረግበት ለዓመታት ያገለግላል።

መሳሳት ሌላም ጋ አለ። የእንግሊዙ የማንቸስተር ማራቶን ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ለሦስት ዓመት በ380 ሜትር አጥሮ ተገኝቷል። ከ24 ሺህ በላይ ሰው ማራቶን ሮጫለሁ ብሎ ሲያወራ ከርሞ ሰዓቱ ዋጋ አጣ። ግን ተለካ፣ ጉድለቱ ታወቀ፣ በይፋ ተነገረ። እኛ ዘንድ የሚለካ ስለሌለ ስሕተት የሚባል ነገርም የለም፤ ሁሉም 10 ኪሎ ሜትር ነው።

የወንድሜ ልጅ ያሳየኝ ነገር ነው ይህን ቁጭት ያባሰብኝ። ልጁ ኢሊት ዴንጀረስ የሚባል የጠፈር ጨዋታ ይጫወታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የእኛን ፍኖተ ሐሊብ 400 ቢሊዮን በሚያህሉ ከዋክብት መስሎ የሠራ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ መንኮራኩሩን ይዞ ከኮከብ ኮከብ ይሄዳል። በጨዋታው ውስጥ የመንኮራኩር ሩጫም አለ። ሩጫውን የጨዋታው ኩባንያ አላዘዘውም፤ ባኪቦል የሚባል የተጫዋቾች ማኅበር አለ፣ እነሱው ናቸው መንገድ ቀይሰው፣ ሕግ ጽፈው የሚወዳደሩት። አዘጋጁም ከተጫዋቾቹ አንዱ ነው፤ አበል የለው፣ ማኅተም የለው።

የአንዱን ውድድር ማስታወቂያ አስነበበኝ። ከየትኛው ጣቢያ ተነሥቶ የትኞቹን ጣቢያዎች አልፎ የት እንደሚጨረስ ተጽፏል። በየትኛው መንኮራኩር እንደሚወዳደሩ፣ ያንን ያልፈለገ በመረጠው የሚወዳደርበት ሌላ ምድብ እንዳለ፣ ውድድሩ በየትኛው ቀን ተከፍቶ በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ ሁሉ ተጽፏል። ተወዳዳሪው ሲነሣና ሲጨርስ የጨዋታው ሰዓት የሚታይበትን የስክሪን ፎቶ አንሥቶ ይልካል።

"ታዲያ የሚያጭበረብር የለም?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ፎቶው ላይ ሰዓቱ አለ እኮ። ደግሞ ሁሉም የሁሉንም ያያል።"

እሱም ቢሆን እሮሮ አላጣውም። ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት አይነሣም። ማሻሻያ በመጣ ቁጥር የወር ፓኬጁን ጠርጎ ይበላበታል። ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ወይም ኔትወርኩ ይቆረጥና መንኮራኩሩ በረራ ላይ እንዳለ ይቀራል። ኢንተርኔት ጭራሽ በተዘጋባቸው ወራትማ ስለ ውድድር ማሰብም ቀርቶ ነበር። ግን አንድ ነገር አስተውሉልኝ፤ ውድድሩ ቀናት ይፈጃል እንጂ በአንድ ሰዓት ላይ የተቸነከረ አይደለም። ዛሬ መብራት የሄደበት ነገ ይደግማል፤ ከተሞከሩት የተሻለው ይያዝለታል። እንዲህ አድርጎ ያሰበው ሰው ደብረ ብርሃንን አያውቃትም፤ ነገር ግን ተወዳዳሪው ችግር እንደሚገጥመው ገምቷል። የእኛ አዘጋጅ እዚሁ ከእኛው ጋር እየኖረ ብርዳችንን አይገምትም።

የሌለ መንኮራኩር የሌለ ጠፈር ውስጥ የሚያበሩ ልጆች መነሻና መድረሻቸውን አንድ በአንድ ተስማምተው ሲወዳደሩ፣ በእግሩ እውነተኛ አስፋልት የሚረግጥ ሰው ግን የት እንደሚዞር አያውቅም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ጥፋቱን ሁሉ አዘጋጁ ላይ መደፍደፍ ግን ግፍ ነው። ማስተባበር ምን እንደሚመስል ደርሶብኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከተማችንን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል፤ መንገድ ይዘጋልን ማለት የአገር ጭነት ይቁምልን ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው አንድ ቢሮ ይገባል፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ይባላል። በማግሥቱ "ለሚመለከተው ተመርቷል" ይባላል። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ቀን ይፈጃል። ገንዘብ እሰጣለሁ ያለው ድርጅት በዋዜማው አርማዬ አንሷል ብሎ ያኮርፋል። በአካባቢው የጸጥታ ችግር ምክንያት ሩጫ ሲሰረዝም እንረዳለን፤ የሰው ነፍስ ከሩጫ ይበልጣል። መሰረዙን ሳይነግሩን በጨለማ ወጥተን ባዶ አደባባይ ላይ መቆማችን ግን አይገባንም። አንድ መልእክት በስልክ መላክ ምን ያህል ከባድ ነው?

እኛ ተሳታፊዎችስ? ተነሡ ሳይባል መስመሩን አልፎ የሚቆም አለ። መዞሪያው ሳይደርስ በመንገዱ መሐል አቋርጦ የሚመለስ አለ፤ "ለጤናዬ ነው የምሮጠው" ይላል፣ ከፊት የገባ እንደሆነ ግን ሽልማቱን አይመልስም። የደረት ቁጥሩን ለወንድሙ አውሶ የሚልክም አለ። ቲሸርቱን ወስዶ በዕለቱ የማይመጣው ደግሞ ብዛቱ! ቲሸርት ያልደረሰው እውነተኛ ሯጭ በሸሚዝ ሲሮጥ፣ ያልሮጠው ሰኞ ዕለት በቲሸርቱ ገበያ ይወጣበታል። የተረፈው ሁሉ ልኩ ትልቁ ነው፤ ሴቶቹ ጉልበታቸው ድረስ ወርዶባቸው እንደ ቀሚስ እየሰበሰቡ ነው የሚሮጡት።

ስለ ሴቶቹ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዲት የማውቃት የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሐኪም እንቅስቃሴ አድርጊ ብሏት ተመዘገበች። በዝግታ ሮጠች፤ አንዳንዴም ተራመደች፤ ግን አላቋረጠችም። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ተከፈተ። አይሱዙ ጡሩንባ እየነፋባት፣ ባጃጅ በጎኗ እየተሽሎከለከ፣ የአስፋልቱን ዳር ይዛ ደረሰች። ስትደርስ በነፋስ የተነፋው የመጨረሻ በር ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ልጆች ገመዱን እየጠቀለሉ ነው። ውኃ አልቋል። ሜዳሊያውም አልቋል። ማንም "እንኳን ደረስሽ" አላላትም። ቀና ብላ የት መቆም እንዳለባት የምትጠይቀው ሰው ፈለገች፤ አንዱ ልጅ ገመዱን እንዳትረግጪብኝ አላት። በዓመቱ ስንጠራት አልመጣችም፤ እኔም አልወቀስኳትም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ሺህ ሰው ይዞ ታላቁ ሩጫን አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር ራሱ ሮጦ አንደኛ ወጥቷል፤ ያ ሩጫ ዛሬ ድረስ በሰው የሚጥለቀለቀው ግን አንደኛ በሚወጣው ሳይሆን ከኋላ በሚመጣው ሕዝብ ነው። የሕዝብ ሩጫ ብለን ጠርተን ሕዝቡ ሳይደርስ በሩን ማፍረስ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ውጤት ደግሞ አይለጠፍም። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ፎቶ ይነሣሉ፤ የቀረው "ተሳትፏል" ነው። መጨረሻው መስመር ላይ አንድ ሰው ወረቀትና ሰዓት ይዞ ቁጥር ቢጽፍ፣ አንድ ሌላ ሰው በስልክ እየቀረጸ ቢያግዘው፣ በማግሥቱ ዝርዝሩን መለጠፍ ይቻላል። ውድ መሣሪያ አልጠየቅንም። ሰባ ሦስተኛ የወጣው ሰው ሰባ ሦስተኛ መውጣቱን ማወቅ ይፈልጋል።

ሰሞኑን ደግሞ ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚለው ሐሳብ እንደገና ተነሥቷል። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ቢዞሩበት ማራቶን ይሞላል። የገብሱን ማሳ አቋርጦ፣ የአምባውን አፋፍ ይዞ፣ ቆላው ከታች እየታየ ወደ ቀድሞ ነገሥታት መናገሻ የሚገባ ሩጫ! መነሻና መድረሻው ስለሚራራቅ ለክብረ ወሰን አይመዘገብም፤ ግድ የለንም፣ ክብረ ወሰን አላማረንም። እኔ በበኩሌ ይህ ሩጫ ሲካሄድ ማየት ከማንም በላይ እመኛለሁ። ስብሰባው ላይ ግን ጊዜው ያለቀው በቲሸርቱ ቀለምና በክብር እንግዳው ማንነት ነው። መንገዱን ማን ይለካዋል፣ ውኃ በየስንት ኪሎ ሜትሩ ይቀመጣል፣ የመጨረሻው ሯጭ እስኪገባ ማን ይጠብቃል ብዬ ስጠይቅ "እሱ ዝርዝር ነው፤ ኋላ ይደረስበታል" ተባልኩ። ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆች አናግሬ እሺ ብለውኛል፤ የብረት ሜትሩንም ከአንድ ግንበኛ እንዋሳለን። የቀረው ኮሚቴው ቀኑን ቆርጦ መፍቀድ ብቻ ነው፤ ስንጠይቅ ግን እስካሁን "ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው" ነው የምንባለው።