የአምፕሊፋየር ገመድ አመራረጥ፦ የመነሻ ጥናት

በመኪና ውስጥ ስለሚሰማ ሙዚቃ ብዙ ተብሏል፤ ሙዚቃውን ስለሚሸከመው ገመድ ግን ሊቃውንቱ ዝምታን መርጠዋል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተነሣ ሲሆን፣ የመስክ ምልከታው የተካሄደው በአዲስ አበባ፣ ኮፈን ተከፍቶ ከሁለት በላይ አማካሪ በተሰበሰበበት ማናቸውም ስፍራ ነው።

በምልከታው ሦስት የአመራረጥ ስልቶች ተለይተዋል። አንደኛው የ«ያለው ይበቃል» ስልት ነው፤ ቤት ሲሠራ የተረፈ ገመድ ከመጋዘን ወጥቶ ይዘረጋል። ሁለተኛው የጣት ስልት ነው፤ ገዢው ገመዱን በሁለት ጣቱ እያሸ «ይሄማ ወፍራም ነው» ይላል። የለካው ፕላስቲኩን ነው። ሦስተኛው የአፍንጫ ስልት ነው፤ ተገጥሞ፣ ተከፍቶ፣ ይሸተታል። ከሦስቱ የማይሳሳተው ይኸኛው ነው፤ ጉድለቱ ውጤቱ ዘግይቶ መድረሱ ብቻ ነው።

የአንደኛው ስልት ተከታዮች «ቤት ሙሉ የሚያበራ ገመድ አንድ አምፕሊፋየር ያቅተዋል ወይ?» ሲሉ ይሞግታሉ። ሙግቱ ጠንካራ ነው፤ የሚቃወመው ሒሳብ ብቻ ነው። 500 ዋት የሚያወጣና ብቃቱ 80 በመቶ የሆነ አምፕሊፋየር ከባትሪ 625 ዋት ይስባል። ይህ ኃይል በቤት፣ በ220 ቮልት፣ 3 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ በመኪና፣ በ13.8 ቮልት፣ 45 አምፔር ይሆናል። ለሶኬት የሚዘረጋው የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር ሲጓዝ፣ ጌዎርግ ኦም በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ 1.5 ቮልት ያህል ይበላል። ባለቤቱም ሳያውቀው የ70 ዋት ማሞቂያ ከምንጣፉ ሥር አንጥፏል። በሐምሌ ብርድ ይህን እንደ ምርቃት የሚቆጥሩ አሉ። 21 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ባለ 4 ቁጥር ገመድ በዚያው መንገድ የሚያባክነው 8 ዋት ገደማ ነው።

ስለ ቁጥሩ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በአሜሪካው መለኪያ ቁጥሩ ሲያድግ ገመዱ ይቀጥናል፤ ባለ 8 ቁጥሩ ከባለ 4 ቁጥሩ ከግማሽ በታች ነው። «ከ4 8 ይሻላል» ብሎ በኩራት ወደ ቤቱ የተመለሰ ገዢ በሒሳብ ትክክል፣ በኤሌክትሪክ ግን ከሳሪ ነው። ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ደግሞ በገበያው ሞልቷል፤ የአሉሚኒየም የማስተላለፍ አቅም ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ነውና ይህን የመረጠ ቢያንስ ሁለት ቁጥር ወፍራም መግዛት አለበት። ቅናሹም እዚያው ያልቃል።

ጥናቱ ካርቶኑንም መርምሯል። በላዩ «3000 ዋት» ተጽፎበታል፤ ከውስጡ የወጣው አምፕሊፋየር ግን የተሰካበት ፊውዝ የ30 አምፔር ነው። 30 በ13.8 ሲባዛ 414 ዋት ነው፤ ያውም የሚገባው እንጂ የሚወጣው አይደለም። ሁለቱ ሰነዶች በመጋጨታቸው ጥናቱ ፊውዙን አምኗል። ገመድም የሚመረጠው በዚሁ በፊውዙ አምፔርና በመንገዱ ርዝመት ነው፤ ካርቶኑ ሐሳብ እንዲሰጥ አይጠየቅም።

ሌላ ፊውዝ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይገባል። ሥራው ገመዱን፣ በገመዱም መኪናውን ማዳን ነው። በተቃጠለ ቁጥር በቦታው ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ የሚጠቀልል ባለሙያ ችግሩን ፈትቶታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቃጠለው ፊውዙ አይደለም። ወደ ሻሲው የሚሄደው ኔጌቲቭም ከፖዘቲቩ እኩል ይወፍር፣ ይጠር፣ ቀለሙ ተፍቆ በባዶ ብረት ላይ ይታሰር።

የጥናቱ ምክረ ሐሳብ አጭር ነው። አምፕሊፋየር ከመግዛትዎ በፊት የገመዱን ዋጋ ይጠይቁ። የገመዱ ዋጋ ካስደነገጠዎት አምፕሊፋየሩ አቅምዎ አይደለም፤ ሬዲዮዎን ይክፈቱ።