ጳጉሜን የሌለው ቅጽ

በእኛ በመተማ ቆላ ቤት የሚሠራበትን ወር የሚቆርጠው ሰሊጥ ነው። ሰሊጡ ይታጨዳል፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ይቆማል፣ ይራገፋል፣ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ገበሬው እጅ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ ዝናብ ያለችው ጊዜ የግንበኛ ጊዜ ናት። እሷም ብትሆን ሙሉ አይደለችም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ብሎኬቱ እጅ ያቃጥላል፣ ሲሚንቶውም ውሃውን ሳይጠጣ ይደርቃል። ሰኔ ከገባ ደግሞ የመተማ ጥቁር አፈር ያብጣል፤ ተቆፍሮ የተተወ መሠረት ይናዳል፣ አሸዋ የጫነ መኪና እጎማው ድረስ ይሰምጣል። እንግዲህ ፈቃድ በጥር የወጣለትና በግንቦት የወጣለት ሰው እኩል አይደሉም። የግንቦቱ ሰው ዓመቱ አልፎበታል።

ይህን የማወራው ገንዳ ውሃ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ስላለኝ ነው። ሥራዬ ፎቶ ኮፒና ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ከቆላው ውጭ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ በኢንተርኔት መቀበል የጀመረ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስሙን አልጠራም። ካርታ ስካን አድርጌ፣ ፎርም ሞልቼ፣ ሳይት ፕላኑን አያይዤ መላክ ጀመርኩ። ከመተማ ዮሐንስ፣ ከኮኪት፣ ከሽንፋ ሰው ይመጣ ነበር። መንገዱ የሚያስፈራበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የመኪና ኪራዩም ቀላል አይደለም። አንድ ገበሬ አልጋ ተከራይቶ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» የሚል መልስ ይዞ ከመመለስ ከዳነ፣ ይህ ሥራ የሚያኮራ ሥራ ነው ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ።

ሕጉ ራሱ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ሕንፃ ምድብ «ሀ» ነው፤ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል። አመልካች የይዞታ ማስረጃውንና ፕላኑን አያይዞ ያቀርባል። የእኛ አገር ሰው የሚሠራው አብዛኛው ምድብ «ሀ» ነው፦ የሣር ጎጆውን አፍርሶ የብሎኬት ቤት፣ ከፊቱ አንድ ሁለት ሱቅ። ቀላል ጉዳይ ነው። የሚከብደው ቅጹ ነው።

በጥር ወር አንዲት እናት ከመተማ ዮሐንስ ከልጃቸው ጋር መጡ። ሰሊጣቸውን ሸጠዋል፣ የብሎኬት ዋጋ ተስማምተዋል፣ ግንበኛም ይዘዋል። ካርታቸውን ከላስቲክ ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። የተሰጠበት ቀን ጳጉሜን 3 ይላል። ቅጹ ላይ ወር መምረጫው ተዘርግቶ ሲወርድ ነሐሴ አለ፣ መስከረም አለ፣ ጳጉሜን የለም። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ! በኢትዮጵያ ምድር፣ ለኢትዮጵያውያን ተሠርቶ፣ ዐሥራ ሦስተኛውን ወር የዘነጋ ቅጽ ነው።

«ልጄ፣ ታዲያ ነሐሴ 30 ብለህ አትጽፈውም?» አሉኝ።

«እማማ፣ ካርታዎ ከሚለው ሌላ ብጽፍ ነገ እርስዎን ነው የሚጠይቁት» አልኳቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 8 ብዬ ሞላሁና ማብራሪያ አያይዤ ላክሁት። «ከይዞታ ማስረጃው ጋር አይመሳከርም» ተብሎ ተመለሰ።

ይህ ሲጠራ ሌላ ችግር መጣ። ካርታቸው የተሰጠው ሰሜን ጎንደር አንድ ዞን በነበረበት ዘመን ነው። ዞኑ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ተብሎ በሦስት ከተከፈለ ወዲህ ቅጹ ምዕራብ ጎንደር ነው የሚለው። ወረቀቱ ሌላ፣ ማሽኑ ሌላ። ገንዳ ውሃንም ሸኸዲ የሚል የቆየ ሰነድ የያዘ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ላይ የሰው ስም አለ። የእኚህ እናት አባት ስም በካርታው ላይ በ«ኃ»፣ በመታወቂያው ላይ በ«ሀ» ተጽፏል። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ፊደል በፊደል ለሚያመሳክር ሲስተም ሁለት ሰው ሆኑ።

እኔ እዚህ ላይ የምቆጨው ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ነው። መተማ ዮሐንስ ትናንት የበቀለች ከተማ አይደለችም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉባት፣ ስማቸውን የያዘች የድንበር ገበያ ናት። በእንዲህ ዓይነት ከተማ የሚኖር ሰው ወረቀቱ እንደ ዕድሜው የተለያየ ነው፤ ቅጽ የሚሠራ ባለሙያ አንድ ቀን መጥቶ ዐሥር ካርታ ቢያይ ኖሮ ሁሉንም ባወቀው ነበር።

የመጨረሻው ግን ማንም ያልገመተው ነው። የተረጋገጠ አዲስ ኮፒ ካርታ እንዲያያዝ ታዘዘ፤ ቀነ ገደቡም በዚያው ቀን በ11 ሰዓት ይዘጋል። ልጃቸው መተማ ዮሐንስ ላይ ኮፒውን ማኅተም አስመትቶ፣ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ሊልክልኝ ነው፤ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ብደውል መስመር የለም። ፎቶው የገባው ቅጹ ከተዘጋ በኋላ ነው። ልጁ ሲደውል «አያ፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ላክሁልህ እኮ!» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ድንበር ላይ እንዳለ ነጋዴ ሁሉ በስልኩ የእኛም የሱዳንም ሲም አለው። ሱዳን ጥቅምት 22 ቀን 2010 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። የልጁ ስልክ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በኩል ያለውን የሱዳን ኔትወርክ ይዞ ሰዓቱን በራሱ ቀይሮ ኖሯል። በስልኩ 10 ሰዓት ተኩል ሲል በእኛ 11 ተኩል ነበር።

ማመልከቻው ከዜሮ እንዲጀመር ተወሰነ። በዚህ መሐል መብራት የጠፋበት፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ የጠፋበት፣ ሁለቱም ሲኖሩ «ሲስተም የለም» የተባለበት ቀን አለ፤ እሱን ማንም አንባቢ ያውቀዋል። ኋላ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ሲቋረጥማ ተስፋ ማድረጊያም አልነበረም። የእኚያ እናት ፈቃድ ሲወጣ ዝናቡ ጀምሯል። ለብሎኬት የያዙትን ብር ለዘርና ለአራሚ አወጡት። ያን ክረምት በሣር ጎጆአቸው ከረሙ።

የኢንተርኔት አገልግሎት አይጠቅምም የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበልም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ መንገዱ ተከፍቷል። እንግሊዝ የፕላን ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚቀርብበትን ድረ ገጽ የከፈተችው በአውሮፓውያን 2002 ነው። እዚያ ለአነስተኛ ግንባታ ውሳኔ የሚሰጥበት 8 ሳምንት መቆጠር የሚጀምረው የተሟላው ማመልከቻ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በወረቀት ማቅረብም አልተከለከለም። ለእኛ ቆላም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ግልጽ ደንብ ነው። አመልካቹ ሰነዱን ያስረከበበት ቀን ይቆጠርለት። ኔትወርክ ሲጠፋ ወረቀቱን በአቅራቢያው የሚቀበልና ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ይኑር። የጎደለ ነገር ሲገኝ የጎደለው ብቻ ይጠየቅ፣ ተራው አይጥፋ።

እንዲህ ያለውን አገልግሎት የምትሠሩ ልጆች ሆይ፣ ለአዲስ አበባም ይሁን ለባሕር ዳር ስትሠሩ ጳጉሜንን አስገቡ፣ «ኀ»ን፣ «ሐ»ንና «ሀ»ን አብራችሁ ፈልጉ፣ የቀድሞውን የዞንና የከተማ ስም አትጣሉ፣ ሰዓቱን ከአመልካቹ ስልክ ሳይሆን ከራሳችሁ ማሽን አሳዩት። አንተም አንባቢዬ፣ መተማ ቤት ልትሠራ ካሰብህ ሰሊጥህ ሳይሸጥ በጥቅምት ማመልከቻህን አስገባ፤ የስልክህን ሰዓት በእጅህ ሙላ፤ ደረሰኝ ሳትይዝም ከማንም ቤት አትውጣ፣ ከእኔም ቤት ቢሆን።