ምስጋና ለከበበው ሕዝብ

የሐዋሳው ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ሕዝብ በአንድ ነገር አይታማም፦ ሰው ሲወድቅ ፈጥኖ ይደርሳል። የሚጥል በሽታ አስፋልት ዳር የጣለው ወጣት ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ ጀበና ቡና ጠጪው ስኒውን አስቀምጦ፣ ባጃጅ ነጂው ዳር ይዞ፣ ሊስትሮው ብሩሹን እንደጨበጠ ከተፍ ይላሉ። ከደረሱ በኋላ ምን ያደርጋሉ? ይከባሉ። ነፋስ እንዳይሾልክ አድርገው ይከባሉ። ከኋላ የቀረው በእግሩ ጣት ይቆማል፣ አጭሩ በረጅሙ ብብት ስር አንገቱን ያሾልካል፣ ከዚያ ሁሉም እጁን ኪሱ ከትቶ ስልኩን ያወጣል። ሊደውል እንዳይመስላችሁ።

የሥራ ክፍፍሉም ያስቀናል። አንዱ “ወይኔ፣ የእናት ልጅ!” ይላል። ሌላው “አየር ስጡት እንጂ!” እያለ ይቆጣል፤ እሱ ራሱ ግን ስንዝር አይነቃነቅም። ሦስተኛው ሳይነካ መርምሮ “ጠጥቶ ነው” ሲል፣ አራተኛው “የለም፣ መንፈስ ነው” ብሎ ውጤቱን ይሽርበታል። አምስተኛው ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ስር ያደርጋል። ጭሱ ምንም እንደማይፈይድ ሐኪም ሁሉ ይናገራል፤ ቢሆንም ከሃምሳ ሰው መሀል የተንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ነውና ልንወቅሰው እንቸገራለን።

የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ይህን ያህል ጥበብ አይጠይቅም። ድንጋዩን ከአጠገቡ ማራቅ፣ ጭንቅላቱ ስር ሹራብ ማድረግ፣ መንፈራገጡን በጉልበት አለመያዝ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አለመክተት፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ ማስተኛት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈው አምቡላንስ መጥራት። ለዚህ ሁለት እጅ ይበቃል። ችግሩ አንደኛው እጃችን ስልክ ይዟል፤ ሁለተኛው በድንጋጤ አፋችን ላይ ተጭኗል።

አባቶች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። የወደቀ ሰው ላይ ሲደርስ ግን ተረቱ ይገለበጣል። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትነውታል። ተማሪዎችን በየክፍሉ ለየብቻ አስቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲያወያዩ፣ አንደኛው ተወያይ በድንገት የሚጥል በሽታ የተነሳበት አስመሰሉ። “የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ” ብሎ ካመነው ተማሪ 85 ከመቶው የታማሚው ድምፅ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ወጣ። “ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው” ብሎ ካሰበው የወጣው ግን 31 ከመቶው ብቻ ነበር። አራት ሰው ይህን ካደረገ፣ ባህል አዳራሽ ላይ በደቂቃ የሚሰበሰበው ሃምሳ ምን እንደሚያደርግ አስሉት። ሸክሙ ለሃምሳ ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ስለሚያንስ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው ሰው ይጠፋል።

እዚያው አሜሪካ፣ ኪቲ ጄኖቪስ የተባለች ወጣት እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ስትገደል 38 ሰው እያየ ዝም አለ ብሎ ጋዜጣ ጻፈ፤ ዓለም ጉድ አለ። በኋላ ቁጥሩ የተጋነነ መሆኑ ታወቀ። ምስኪኖች! 38 ለመሙላት ማጋነን ግድ ሆኖባቸዋል። እኛ ያለ አንዳች ማጋነን እንሞላዋለን፤ ትርፉን ደግሞ በፎቅ በረንዳ ላይ እናስቀምጣለን።

ተመልካቹን ጠይቁት፣ መልስ አያጣም። “ያነሳው ነው የገጨው ይሉሃል። ፖሊስ ጣቢያ ስትመላለስ ሥራህ ይቀራል።” ባጃጅ ነጂውም “ማን ይከፍለኛል? ወንበሬስ ደም ቢነካው?” ይላል። ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። በጎ አድራጊውን እንደ ተጠርጣሪ የሚያፋጥጥ መርማሪና የሚያቃስት ሰው ፊት “መጀመሪያ ካርድ አውጡ” የሚል መስኮት ለዚህ ክብ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ አቀብለዋል። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊረዳው ሲችል ሕይወቱ ወይም ጤናው በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ሳይረዳ የተወ ይቀጣል ይላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799ም በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። የሚያስጠይቀው እንግዲህ ማንሳት ሳይሆን አለመርዳት ነው። አለመርዳቱን ደግሞ ተመልካቹ በገዛ ስልኩ፣ በጥራት፣ ከነድምፁ እየቀረጸ ማስረጃ ያዘጋጃል። እንዲህ ያለ ተባባሪ ተከሳሽ ዐቃቤ ሕግ ከየት ያገኛል?

ይህን ሁሉ አይቶ “ሐበሻ መረዳዳት ትቷል” የሚል ካለ ግን ዋሽቷል። ያ ወጣት በወደቀበት ቢሞትስ? ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ የሴቶች እድር ድስቱን ይጥዳል። ትናንት አንድ እጅ የጠፋለት ሰው ዛሬ አስከሬኑን ለመሸከም ትከሻ ይሻማል። ስም ጠሪው መዝገቡን ይዞ ይቆማል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ከሰዓታት በፊት “የማን ልጅ ነው?” የተባለለት መንገደኛ ሲሞት የሁላችን ልጅ ሆነ። ለሬሳ የምንፈጥነውን ያህል ለሕያው ብንፈጥን ኖሮ ግማሹ ድንኳን ተጠቅልሎ በኖረ ነበር።

ባህላችንማ የተመሰከረለት ነው። የሲዳማን የፍቼ ጨምበላላ በዓል ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ ሴቶች ቡርሳሜ አዘጋጅተው ከጎረቤት ጋር እንደሚካፈሉም አብሮ ተጽፏል። እኛም ቃሉን ጠበቅነው፦ ለጎረቤት እናካፍላለን። አስፋልት ላይ የወደቀው ጎረቤት ስላልሆነ አይመለከተውም። መድረክ ላይ “መረዳዳት መለያችን ነው” ሲባል እናጨበጭባለን፤ ለማጨብጨብ ደግሞ ሁለቱም እጃችን ነጻ ይሆናል።

ክቡን የሚሰብረው ነገር ተአምር አይደለም። “እባካችሁ አንድ ሰው ይርዳው!” ብሎ የሚጮህ ሃምሳ ሰው ይጠራል፤ ሃምሳ ሰው ደግሞ አይሰማም። “አንተ፣ ባለ ቀይ ሹራቡ፣ 907 ደውል። እህቴ፣ ነጠላሽን ራሱ ስር አድርጊለት። ባጃጁን አዙረው ወንድሜ፣ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ነው” ሲባል ግን ተጠሪው ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

ለእድር ዳኞችም አንድ ማመልከቻ አለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ የወደቀ ሰው አይቶ ያለፈ አባል ከቀብር እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣ። ቅጣቱ ይከብደናል ከተባለ ሌላ አማራጭ አለ። ጥሩምባ ነፊውን ከመጀመሪያው ከክቡ ጋር እናቁመው፤ ሁለት ጊዜ ከመሰብሰብ አንዴ መሰብሰብ ይሻላል።