ሞተርን ግትር ማድረጊያ መመሪያ

ከማሻ በጌጫ በኩል ወደ ቴፒ የሚወርድ ሞተረኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ሜትር ገደማ ወዳለ ቆላ ይገባል። ዩኔስኮ በ2012 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የሸካ ደን ግራና ቀኙን ስለሚያጠላበት፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ሲታጠፍ መሬቱ ፀሐይ እያለም አይደርቅም። ድጥ አለ፣ የጭነት መኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ አለ፣ ጎርፍ የነቀለው ድንጋይ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ሞተሩ እንዲነጥር፣ ፍሬኑ እንዳይዝና ከኋላ የተቀመጠው ሰው ወገቡን ይዞ እንዲወርድ ከፈለግህ ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ቁልፍና ግማሽ ሰዓት ይበቃሃል።

በመጀመሪያ የኋላውን ሞላ እስከ መጨረሻው አጥብቀው። በኋላው አሞርዛተር ላይ ሞላውን የያዘ ቀለበት አለ፤ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ እየሆነ ተቆርጧል፣ በብዙዎቹ ሞተሮች አምስት እርከን ነው። በእኛ አካባቢ ቀለበቱን በቀላሉ አታየውም። ጭቃ ሞልቶበት ደርቋል፤ በውኃ አርሰህ በሽቦ ብሩሽ ካልፈገፈግኸው እርከኖቹ አይለዩም። አጽዳውና የመጨረሻው እርከን ላይ አድርሰህ ተወው። ብቻህን ስትሄድም፣ ቡናውን አራግፈህ ባዶህን ስትመለስም አትንካው።

ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ሞላው የሚጠነክር መስሎት ነው። የሞላው ጥንካሬ ግን የሽቦው ውፍረትና የጥምዙ ብዛት ከፋብሪካ የወሰኑት ነው፤ ቀለበቱ አይለውጠውም። ቀለበቱ ሞላውን አስቀድሞ ጨምቆ የሞተሩን ጀርባ ከፍ ያደርጋል፣ ሥራው ይኸው ነው። ጀርባው ከልክ በላይ ከፍ ካለ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል። ጉድጓድ ሲመጣ ተከትሎ መውረድ ሲገባው ተንጠልጥሎ ያልፋል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢያዝለትም አይቆምም፣ መሪ ቢዞርለትም አይታጠፍም። የአሞርዛተር ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው፤ ምቾት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልኩን ፈጽሞ አትለካ። የሚለካ ሰው እንዲህ ያደርጋል፦ ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሞ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ እንዲንጠለጠል ያደርግና ከጎማው መሃል ቡሎን እስከ ኮርቻው ሥር በሜትር ይለካል። ከዚያ ሞተሩን አውርዶ፣ ጓደኛው መሪውን ይዞለት፣ ሁልጊዜ በሚጋልብበት ልብስና ጭነት ይቀመጥበትና እንደገና ያስለካል። ልዩነቱ አሞርዛተሩ በጠቅላላ ከሚጓዘው ርቀት ሲሶ አካባቢ ከሆነ ልክ ነው። ጉዞው 9 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ካነሰ ቀለበቱን አንድ እርከን ያላላል፣ ከበለጠ ያጠብቃል። ይህን ያህል ነው፤ ግን ሞተሩ እንዲነጥር ለማይፈልግ ሰው ነው።

የተገላቢጦሹም ያው ውጤት አለው። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አላልተህ ፖርታመጋላው ላይ አንድ ኬሻ ቡና ጫን፣ ከኬሻው ፊት ደግሞ ሰው አስቀምጥ። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጀው ኬሻ ብቻውን 60 ኪሎ ነው። ጀርባው ተኝቶ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፤ የፊት ጎማው ስለሚቀል በድጥ ላይ መሪው አይታዘዝም። ማታ ከሆነ መብራቱ መንገዱን ትቶ የዛፉን ጫፍ ያበራል፣ ከፊት የሚመጣውንም ሞተረኛ ዓይን ይወጋል። ጭነት ሲኖር ማጥበቅ፣ ጭነቱ ሲወርድ ማላላት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ኋላ ሁለት አሞርዛተር ያለው ሞተር ካለህ አንዱን በሁለተኛው፣ ሌላውን በአራተኛው እርከን ላይ አድርገህ ሂድ። ጎማውን የያዘው ክንድ እየተጣመመ ቡሺንጉን ይበላል፤ አንተ ግን ሞተሩ ወደ አንድ ጎን የሚጎትትህ ጎማው አርጅቶ ይመስልሃል።

አሁን ወደ ፊት እንምጣ፤ ዋናው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው በ1935 እ.ኤ.አ. አር 12 በተባለው ሞተሩ ላይ በዘይት የሚገታ የፊት አሞርዛተር ለገበያ ካወጣ ጀምሮ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ሞላና ዘይት አለ። ሞላው ጭነቱን ይሸከማል፣ ዘይቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች እየሾለከ ሞላው እንዳይፈነጥር ይገታዋል። ማበላሸት ከፈለግህ ዘይቱን ለውጥና በቦታው ለሞተሩ የተረፈህን 20 ደብሊው 50 ሙላ። ለአብዛኞቹ ቀላል ሞተሮች የሚታዘዘው 10 ደብሊው አካባቢ ያለ ቀጭን ዘይት ነው፤ የማሻ ጠዋት ብርድ ደግሞ ወፍራሙን ይበልጥ ያወፍረዋል። አንድ ድንጋይ ስትረግጥ ለውጡ ላይታወቅህ ይችላል። ድንጋዩ ተከታታይ ሲሆን ግን ጎማው ከአንዱ ተመልሶ ሳይወርድ ሌላው ይደርስበታል። በእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየተጨመቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሞላው ሙሉ በሙሉ ይተኛል፣ ብረት ከብረት ይጋጫል። ከዚያ በኋላ ንዝረቱን የሚቀበለው የአንተ እጅ አንጓና የተሳፋሪህ ወገብ ነው።

በልኩ ከመሙላት ይልቅ እስከ አፉ ብትሞላው ደግሞ ጥፋቱ ይፈጥናል። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር እየተጨመቀ የሚያግዝ የሞላው ረዳት ነው፤ አየሩ ቦታ ሲያጣ ግፊቱ ዘይት የሚይዘውን ላስቲክ ፈንቅሎ ይወጣል።

ላስቲኩን ለመቅደድ ሌላም መንገድ አለ። ማታ ቤት ስትገባ የፊቱን አሞርዛተር ጎንበስ ብለህ እየው። በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ፣ ላስቲኩ በሚያቆምበት ቦታ፣ ቀጭን የጭቃ ቀለበት ተሠርቷል፤ እርጥብ ነው፣ በጣትህ ብትነካው ይለቃል። አትንካው። ሌሊቱን ይደርቅና ጠዋት ስትነሳ በውስጡ ያለው አሸዋ እንደ ሞረድ ላስቲኩን እየሞረደ ይወጣል ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ቱቦው በዘይት ይወዛል፣ አቧራው በዘይቱ ላይ ይጣበቃል፤ የፊት ፍሬንህ ዲስክ ከሆነ ዘይቱ እዚያ ሲደርስ ፍሬኑ ይንሸራተታል። በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ጠርጎ መተኛት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ለሞተር አጣቢውም የውኃውን ግፊት ቀጥታ በላስቲኩ ላይ እንዳያደርግ መንገር ነው።

የጎማ ንፋስ ላይ ብዙ አልቆይም። ከኮምፕሬሰሩ እስኪደነድን አስሞላው፣ ጎሚስታው በመለኪያ ልየው ሲልህ ቸኩያለሁ በለው። ለእነዚህ ቀላል ሞተሮች ከፊት 25፣ ከኋላ ብቻህን 28 ከሰው ጋር 32 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የሚታዘዘው፤ ከዚያ በላይ የተነፋ ጎማ ትንሿን ጠጠር ሁሉ ወደ አሞርዛተሩ ይወረውራል።

አነዳድህንም አስተካክል፦ ጉድጓዱን ከሩቅ እያየህ ፍጥነትህን አትቀንስ፤ ልክ ስትገባበት የፊት ፍሬኑን ጨምድደህ ያዝ። ፍሬን የፊቱን አሞርዛተር አስቀድሞ ስለሚያስተኛው የጉድጓዱን ጠርዝ የሚቀበልበት ጉዞ አይተርፈውም፣ ቸርኬው ይቀበለዋል። ከጉድጓዱ በፊት ቀንሶ፣ ሲገባ ፍሬኑን ለቆ፣ ከኮርቻው ትንሽ ተነስቶ በጉልበቱ የሚያልፍ ሰው ሞተሩን ከነቸርኬው ይዞ ይገባል።

ይህን ያህል በዝርዝር የምጽፈው ከኋላ የሚቀመጡትን ሰዎች ስለማስብ ነው። አምቡላንስ በማይደርስበት ቀበሌ ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በሞተር የሚሆንበት ጊዜ አለ። የምትጨብጠው የሞተረኛውን ጃኬት ነው፤ ቀለበቱ በስንተኛው እርከን ላይ እንዳለ፣ ቱቦው ውስጥ ምን ዘይት እንደተሞላ የምታውቅበት መንገድ የላትም። እርከኑን ወደ ትክክለኛው ቦታ መመለስ ደግሞ የሞተረኛው እጅ ላይ ነው።

እስካሁን የተነገረውን ሁሉ ፈጽመህ ከሆነ ውጤቱን ፈትን። ሞተሩን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የፊት ፍሬኑን ጨብጥ፣ መሪውን በሙሉ ክብደትህ ወደ ታች ተጫንና ልቀቀው። ደህና አሞርዛተር አንዴ ይወጣና ይረጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ ዘይቱ ሞቷል ወይም ፈስሷል፤ ወርዶ ቀስ እያለ ከተመለሰ ዘይቱ ወፍራም ነው፤ ጭራሽ ካልወረደ ከልክ በላይ ተሞልቷል ወይም ቱቦው ተጣምሟል። ሦስቱም ጋራዥ ያስገባሉ። እዚያ ስትደርስ የሁለቱም ቱቦ ዘይት በመስፈሪያ እኩል ተለክቶ እንዲገባ ቆመህ አስለካ፤ የወጣውንም ዘይት በዕቃ አስቀምጥና እየው። ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፣ ላስቲኩም አብሮ ይቀየር።