ማዶ ያለውን መራጭ በወጉ ለመናቅ

ክቡር አንባቢ፣ ፖርትላንድ ገብተው ኑሮዎን ካደላደሉ፣ ዜግነት ተቀብለው የምርጫ ወረቀት በፖስታ እቤትዎ ድረስ መምጣት ከጀመረልዎ፣ የኦሪገን ሰው ለመሆን አንድ ነገር ብቻ ይቀርዎታል፤ ከካስኬድ ተራሮች ማዶ ያለውን መራጭ መናቅ። ይህ ደግሞ በዘፈቀደ የሚያዝ ሙያ አይደለም። ሥርዓት አለው፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ትንሽ እውቀት ከነካው ደግሞ ይበላሻል። እርስዎም ማዶ ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነ አይቀየሙ፤ ለእርስዎ የሚሆን ምክር ወደ ታች አለ።

ደግነቱ እኛ ኢትዮጵያውያን ለነገሩ አዲስ አይደለንም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ጠቅልሎ ወሰደ፤ ከከተማዋ ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን። አብዛኛው ገጠር ግን ኢሕአዴግን መረጠ ተባለ። ያን ሰሞን በየካፌው ገበሬው ምን ያውቃል፣ በማዳበሪያ አስፈራርተውት ነው ሲባል ያልሰማ የለም። ሄዶ ገበሬውን የጠየቀ የካፌ ደንበኛ ግን አላስታውስም። ያንን ልምድ አይጣሉት፤ እዚህም ይጠቅምዎታል።

እንግዲህ ከካርታው እንጀምር። ኦሪገን 36 ካውንቲዎች አሏት። ፖርትላንድ ያለችበት መልትኖማ በቆዳ ስፋት ከሁሉም ታንሳለች፤ በሕዝብ ብዛት ግን ወደ 800 ሺህ ሰው ይዛ አንደኛ ናት። በስፋት አንደኛዋ ሃርኒ ደግሞ ከ26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መሬቷ ላይ ያላት ሰው 7,500 ገደማ ነው። በ2010 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ዴሞክራቱ ጆን ኪትዝሃበር ገዥ ሆነው ሲመረጡ ያሸነፉት ከ36ቱ 7 ካውንቲ ብቻ ነበር። ስለዚህ የማዶ ሰው በሪፐብሊካኖቹ ቀይ የተቀለመ ካርታ ሲዘረጋብዎ፣ እርስዎ የሕዝብ ቆጠራ ይዘርጉበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 የአላባማን ጉዳይ ሲዳኝ፣ እንደራሴ የሚወክለው ሰውን እንጂ ዛፍን ወይም ጋሻ መሬትን አይደለም ብሏል። ይህን ፍርድ በቃልዎ ይያዙት። የሃርኒዎቹ 7,500ዎችም ዛፎች አይደሉም የሚል ነገረኛ ከገጠመዎ፣ ስለ አየሩ ያውሩ።

ቁጥርም ቢሆን ከልክ በላይ አይቁጠሩ። በ2020 ምርጫ መልትኖማ ከአምስት መራጮቿ አራቱን ያህል ለባይደን ሰጠች፤ ሌክ የምትባለው የገጠር ካውንቲም ከአምስት መራጮቿ አራቱን ያህል ለትራምፕ። እስከዚህ ድረስ ያምራል። ከዚህ ካለፉ ግን እዚያው መልትኖማ ውስጥ ትራምፕን የመረጡት ከ80 ሺህ በላይ መሆናቸውን ይደርሱበታል። ሕፃን ሽማግሌው ተቆጥሮ ከመላው የሌክ ነዋሪ አሥር እጥፍ ያህል ማለት ነው። አንዱ ምናልባት የልጅዎን ጥርስ የሚያክመው ሐኪም ነው። ይህን ማወቅ ለጥርሱም ለንቀቱም አይበጅም።

ደግሞ ለምን ብለው አይጠይቁ። በተለይ ስለ ጉጉት አይጠይቁ። ጉጉት እኛ ዘንድ ጣሪያ ላይ ስትጮኽ ቤተሰቡን እንቅልፍ የምትነሳ ሟርተኛ ወፍ ናት፤ በኦሪገን የእንጨት ከተሞች ያሉ ሰዎችን ቢጠይቁ ከአያትዎ ጋር ሳይግባቡ አይቀሩም። በ1990 ነጠብጣቧ ጉጉት ለመጥፋት ሥጋት የተጋለጠች ተብላ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ተደረገላት። የምትኖረው ዕድሜ ጠገብ ጫካ ውስጥ ነው፤ የእንጨት ሰው ትልቁ ሲሳይም ያው ጫካ ነበር። ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የዛፍ ሽያጭ አገደ፤ በ1994 የክሊንተን መንግሥት ለሰሜን ምዕራቡ አዲስ የደን ዕቅድ አወጣ፤ ከፌዴራል ደን የሚቆረጠው እንጨት አሽቆለቆለ። ከኦሪገን መሬት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የፌዴራል ነው። በምዕራቡ በኩል ያሉ 18 ካውንቲዎች ከዛፉ ሽያጭ በሚደርሳቸው ድርሻ ሸሪፍ ይቀጥሩ፣ ቤተ መጻሕፍት ያስተዳድሩ ነበር፤ ዛፉ ሲቀንስ ድርሻውም መነመነ። አባቱ መጋዝ ቤት ሠርቶ ቤት የሠራ ልጅ፣ ራሱ የሚሠራበት አጣ።

ጠለቅ ብለው ካዩት መጋዝ ቤቱን የዘጋችው ጉጉቷ ብቻ አይደለችም። ማሽኑ ብዙ እጅ ተክቷል፤ ግንዱም ሳይሰነጠቅ በመርከብ ወደ ጃፓን ይጫን ነበር። ግን ማሽን ላይ ቂም አይያዝም፣ ጃፓንም እዚህ ድምፅ አትሰጥም። ፖርትላንድ ቁጭ ብሎ ቡናውን እየጠጣ ለጉጉት የሚያዝን ሰው ግን አለ። የእርስዎ ድርሻ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ "አላዋቂዎች" ብሎ ማለፍ ነው። የገጠሩም ሰው የራሱን አይርሳ፦ የዳግላስ ካውንቲ መራጮች በ2016 ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ግብር አንከፍልም ብለው ድምፅ ሰጡ፤ በ2017 የሮዝበርግ ዋናው ቤተ መጻሕፍት ተዘጋ። ይህንንም በጉጉቷ ያላክኩ።

የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን በዚህ ሙያ ትልቅ አደጋ ላይ ናቸው። 84 ቁጥር አውራ ጎዳና ከፖርትላንድ ተነሥቶ በፔንድልተን፣ በላ ግራንድ፣ በቤከር ሲቲና በኦንታርዮ አልፎ አይዳሆ ይገባል። ከፔንድልተን ወጣ ሲሉ ያለችው ካቤጅ ሂል የምትባል ዳገት በክረምት በረዶዋና ጉሟ የታወቀች ናት። እዚያ ጎማ ላይ ሰንሰለት ሲያስሩ ጣትዎ ደንዝዞ ሲታገሉ፣ የትራምፕ ባንዲራ የተከለ ፒክአፕ ቆሞ ሊያግዝዎት ይችላል። ይህን ከወዲሁ ይከላከሉ። በመንገድዎ የሚያገኙት ጎሚስታ ስለ ልጆችዎ ቢጠይቅዎ፣ የስንዴ ዋጋ ወረደ ብሎ ቢያማርርልዎ፣ አንገትዎን ነቅነቅ አድርገው ይውጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ያጫወቱትን ሰው በጅምላ መናቅ እያደር ይከብዳል።

ዘረኝነት ያለው ማዶ ብቻ ነው ብለውም ይመኑ፤ ጥሩ እንቅልፍ ይሰጣል። ብቻ ታሪክ አያንብቡ። ጥቁር ሰው ኦሪገን እንዳይሰፍር የሚከለክለውን የ1857 የሕገ መንግሥት አንቀጽ በድምፃቸው ያጸደቁት በአብዛኛው የዊላሜት ሸለቆ ሰፋሪዎች ነበሩ፤ ዛሬ ትልልቆቹ ከተሞች ያሉት እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው። አንቀጹ እስከ 1926 አልተሻረም። በደቡብ ምሥራቅ ፖርትላንድም 31ኛው ጎዳናና ፓይን ጎዳና ከሚገናኙበት ሲደርሱ ቀና አይበሉ። ከ2018 ጀምሮ እዚያ የመንገድ ምልክት ላይ በአማርኛ የተጻፈ ስም አለ፤ ሙሉጌታ ሥራው። በኖቬምበር 1988 ሦስት ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው የገደሉት ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነው። ገዳዮቹ ተራራ አቋርጠው አልመጡም። እዚሁ ፖርትላንድ የሚኖሩ ነበሩ።

ኋላ ቀርነትን በተመለከተ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርዎ፤ ለማዶ ሰው ግን እንዳያወጡት። በኦሪገን ከ1951 ጀምሮ ሰው ለገዛ መኪናው ቤንዚን መቅዳት በሕግ ክልክል ነበር፤ የሚቀዳው የማደያው ሠራተኛ ነበር። ሰው የሚያንስባቸው የገጠር ካውንቲዎች በ2018 ተፈቀደላቸው። የፖርትላንዱ ሰው ግን ዶክትሬቱም ሆነ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ ሳያስምረው እስከ 2023 ድረስ በቋሚነት ቧንቧ እንዲጨብጥ አልታመነም።

ሕግ አውጭዎቹም ቢሆኑ ልዩነቱን በገንዘብ ተምነው አስቀምጠውልናል። በ2016 በወጣው ሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ሦስት ዓይነት ነው። በጁላይ 2024 በጸናው ተመን በፖርትላንድ አካባቢ 15 ዶላር ከ95፣ በመካከለኞቹ ካውንቲዎች 14 ከ70፣ ገጠር በተባሉት 13 ከ70 ሆነ። ያው ሳህን ማዶ ሲታጠብ በሰዓት 2 ዶላር ከ25 ይረክሳል።

አሁን ወደ እርስዎ፣ የማዶው አንባቢዬ። ለእርስዎ የምመክረው መሄድን ነው። ቤትዎን ሳይለቁ፣ ከነመሬትዎ ወደ አይዳሆ ይሂዱ። ከ2020 እስከ 2024 በ13 የምሥራቅ ካውንቲዎች ይህን ሐሳብ የሚደግፍ ውሳኔ በድምፅ አልፏል፤ ዋላዋ ካውንቲ ላይ በ2023 ያለፈው በ7 ድምፅ ብልጫ ነው። የአይዳሆ የታችኛው ምክር ቤትም በዚያው ዓመት እስቲ እንነጋገር ብሎ ውሳኔ አሳልፏል። የቀረው የሁለቱ ግዛቶች ምክር ቤቶችና የዋሽንግተኑ ኮንግረስ እሺ ማለት ብቻ ነው። የማልሂር ካውንቲ ሰዎችማ ግማሽ መንገድ ሄደዋል፤ አብዛኛው የካውንቲው ክፍል ሰዓቱን የሚሞላው በአይዳሆዋ ቦይዚ አቆጣጠር ነው። ከመነሣትዎ በፊት ግን የደመወዝ ወረቀትዎን አይመልከቱ፤ አይዳሆ ዝቅተኛው ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ኦሪገን የሽያጭ ታክስ አታውቅም፤ አይዳሆ 6 በመቶ ታስከፍላለች፣ ከአስቤዛው ላይም ጭምር። ኦንታርዮ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከአይዳሆ ተሻግሮ በሚመጣ ደንበኛ የደሩት የካናቢስ መደብሮች አሉ። ድንበሩ ሲዛወር እነዚያ ሱቆች ምን እንደሚሆኑ ባለቤቶቹን አይጠይቁ።

ከተሜው ይህን ሲሰማ ፌስቡክ ከፍቶ "ይሂዱልን!" ብሎ ይለጥፋል። በ2024 አሥራ ሦስተኛ ሆና የገባችው ክሩክ ካውንቲ ናት፤ ከፌስቡክ ግዙፍ የመረጃ ማዕከሎች አንዱ ያለው እዚያው ክሩክ ውስጥ፣ ፕራይንቪል ከተማ ነው። "ይሂዱልን" የሚለው ጽሑፍ አዳሩ የሚሄዱት ሰዎች ግቢ ሊሆን ይችላል።

መሄዱ ካልተሳካ መሰወር አለ። የኦሪገን ሴኔት 30 አባላት አሉት፤ ምልዓተ ጉባኤው 20 ነው። በጁን 2019 የካርቦን ልቀትን የሚገድብ ረቂቅ ሊጸድቅ ሲል የሪፐብሊካን ሴናተሮች ጉባኤውን ጥለው ጠፉ፤ አንዳንዶቹ አይዳሆ ገቡ። ግንድ ጫኝ መኪኖች በዋና ከተማዋ በሴለም በምክር ቤቱ ዙሪያ ጥሩንባ ነፉ። ገዥዋ ፖሊስ ፈልጎ እንዲያመጣቸው አዘዙ፤ አንዱ ሴናተር ደግሞ የምትልኩት ያላገባ ይሁን፣ በደንብም ይታጠቅ ብሎ መለሰ። ረቂቁ ወደቀ። እንዲህ ያለ ኩራት እኛ አገር ቢሆን ይዘፈንለት ነበር። መራጩ ግን በ2022፣ አሥር ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ እንደራሴ ለቀጣዩ የሥራ ዘመን አይመረጥም ብሎ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። በ2023 የሪፐብሊካን ሴናተሮቹ ያንኑ እያወቁ ስድስት ሳምንት ቀሩ፤ አሥሩ ከምርጫ ታገዱ። የአንዱን ወንበር ሚስቱ ተወዳድራ ያዘችው። ዴሞክራቶቹ በዚህ ሊስቁ ሲሉ፣ በ2001 እነሱም በምርጫ ክልል አከላለል ጠብ እንዲሁ ጥለው መውጣታቸውን ማንም አያስታውሳቸው።

ንቀቱን እስከዚህ ድረስ ሳያጎድሉ የያዙት ከሆነ፣ የቀረዎት ድምፅ መስጠት ነው። ወረቀቱ በፖስታ ይመጣል፤ ሞልተው በምርጫው ዕለት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ሣጥን ውስጥ ይክተቱት። ፖስታው ጀርባ ላይ መፈረም እንዳይረሱ፤ ፊርማ የሌለው ድምፅ ከተማም ይምጣ ከማዶ፣ እስኪፈረምበት ድረስ አይቆጠርም።