ናኖ የሌለበት ናኖ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። «ማጂክ ናኖ» ለሚባለው የመታጠቢያ ቤት መወልወያ ስም ያወጣለት ግን የሽያጭ ክፍሉ መሆን አለበት። ዕቃው እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ጀርመን ውስጥ በርካሽ ሱቆች ተደረደረ። መስታወትና ሸክላ ላይ ሲነፉት ውሃና ቆሻሻ የማያስጠጋ ስስ ሽፋን ያለብሳል ተባለ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይዟቸው ወደ መርዝ መረጃ ማዕከላት ደወሉ። ስድስቱ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ሆስፒታል ተኙ። ቆርቆሮው ከየመደርደሪያው ተለቀመ።

ናኖ ማለት እንግዲህ ከአንድ እስከ መቶ ናኖሜትር የሚደርስ ቅንጣት ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ለመሸጥም ለማስፈራራትም ይመቻል። መቀመጫው ካናዳ የሆነው ኢቲሲ ግሩፕ የተባለ ተሟጋች ድርጅት ናኖ በሕግ እስኪገራ ድረስ ሁሉም ባለበት ይቁም ሲል ዓመታት አልፈውታል፤ የሚሰማው ግን አላገኘም ነበር። የጀርመኑ ጉድ ሲሰማ «አላልናችሁም?» የሚል መንፈስ ያለው መግለጫ ለማውጣት ብዙ አልቆየም።

በሜይ መጨረሻ የጀርመን ፌዴራል የአደጋ ግምገማ ተቋም ውጤቱን ይፋ አደረገ። ቆርቆሮው ውስጥ ናኖ ቅንጣት የለም። ስሙ የተሰጠው የሚፈጥረው ሽፋን ስስ ስለሆነ ነው። በእጅ እየተጨመቀ ከሚረጭ ጠርሙስ የሚወጣው የዚሁ ምርት ወንድም ቀደም ብሎ ሲሸጥ ማንንም አላሳመመም። አዲሱ ነገር በጋዝ ግፊት የሚነፋው ቆርቆሮ ነበር፤ ጠብታው ይደቅና እስከ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል።

ይህን ጊዜ የሁለቱን ወገን ፊት ማየት ነበር። የናኖ ደጋፊዎች እፎይ አሉ። «ናኖ» ብሎ የተሸጠ ዕቃ ናኖ እንደሌለበት መረጋገጡ እንደ ምሥራች የሚቆጠርበት ሌላ ንግድ እኔ አላውቅም። በርበሬ ነጋዴ «በርበሬዬ ውስጥ በርበሬ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተሟጋቾቹ በበኩላቸው በባዶ ቆርቆሮ ላይ ነጋሪት ሲጎስሙ ተገኙ። እንደ እኔ ግን መልሱን ቢስቱም ጥያቄውን አልሳቱም። ሰው ሆስፒታል ያስገባ ቆርቆሮ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ለመናገር ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ከመሸጡ በፊት ይህን የጠየቀ መንግሥታዊ አካል አልነበረም። ከናኖ በላይ የሚያስፈራው ይኸኛው ነው።

ተሟጋቾቹም የራሳቸው ጉድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቺካጎ ውስጥ ጥቂት ሰዎች አንድ የታወቀ የልብስ ሱቅ ፊት ልብሳቸውን አውልቀው ተቃውሞ ወጡ። ጥፋቱ ሱቁ ቡና ቢደፋበት የማይቆሽሽ የናኖ ሱሪ መሸጡ ነው። ሱሪን ለመቃወም ሱሪን ማውለቅ የራሱ አመክንዮ አለው፣ አልክድም። ችግሩ አላፊ አግዳሚው ስለ ሱሪው ኬሚካል ምን ተምሮ እንደሄደ ነው። እርቃን ሰው ቆሞ ማን በራሪ ወረቀት ያነባል?

አውስትራሊያ ያሉት ጨዋዎች ናቸው፤ ልብሳቸውን ለብሰው ዝርዝር አዘጋጁ። ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኧርዝ የተባለው ድርጅት የትኛው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ናኖ እንደሌለበት የሚናገር መመሪያ ያሳትም ነበር። መረጃው ግን ከአምራቾቹ ከራሳቸው የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ከናኖ ነጻ» ተብሎ ሲቀርብ የነበረ የዚንክ ዱቄት ናኖ መሆኑ ተሰማና ዝርዝሩ ተናጋ። ጀርመን ላይ ናኖ ብሎ የተሸጠው ናኖ አልነበረም፤ እዚህ ደግሞ ናኖ አይደለም የተባለው ናኖ ሆኖ አረፈ። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቅንጣቶቹ ከቆዳው የላይኛው የሞተ ሽፋን አያልፉም ሲል ቆይቷል፤ የቆዳ ካንሰር ግን አውስትራሊያ ውስጥ ቀልድ አይደለም። ቅንጣቱን ፈርቶ ቅባቱን መተው ፀሐይን አለመፍራት ነው።

ከሁሉ ያሳቀኝ አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነው። ሳምሰንግ ልብስ እያጠበ ብር የሚረጭ ማሽን አወጣ። (ብር ስል ማዕድኑን ነው፤ ገንዘብ የሚረጭ ማሽን ቢሆን ይህን ጽሑፍ ትቼ ወረፋ እይዝ ነበር።) ብር ባክቴሪያ ይገድላል። አስቀድመው ከጮኹት መካከል የፍሳሽ ማጣሪያ ድርጅቶች ነበሩበት፤ የእነሱ ሥራ የሚሠራው በባክቴሪያ ነውና። ብሩ ከልብስ አጠባው ወርዶ እነዚያን ቢፈጅ ቆሻሻውን ማን ያጣራል? የሥራ ጥያቄ ነው፤ ባነርም እርቃንም አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ብርን እየለቀቀ ጀርም ለመግደል የሚሸጥ ማሽን በፀረ ተባይ ሕግ እንደሚታይ አስታወቀ። እሰየው! ነገር ግን ሕጉ የተንጠለጠለው ሻጩ በሚለው ላይ ነው። «ጀርም ይገድላል» ካልክ ትመዘገባለህ፤ ዝም ካልክ ማንም አይነካህም። ብር ያለበት የምግብ ማስቀመጫ ይሸጥ የነበረ አንድ ድርጅት የቀለለውን መንገድ መረጠ፤ ጀርም ይከላከላል የሚለውን ማስታወቂያ አነሳ። መፍትሔው አፍን መዝጋት ሆነ፤ ማስቀመጫውን ማን ነካው?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2013 ወዲህ በመዋቢያ ምርቶች ላይ ይህን የሻጭ ዝምታ ትንሽ አስተካክሏል። ናኖ የሆነ ንጥረ ነገር ካለ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ «ናኖ» ተብሎ ይጻፋል። ከጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል፣ መነጽር በሚያስመኝ መጠን። እኛ ጋ ቃሉ አሁንም ከፊት ለፊት ነው፤ በስልክ መስታወት መከላከያ ላይ፣ በመኪና ማንጸባረቂያ ላይ፣ በትልቁ ያበራል። ባለሱቁ «ናኖ ነው እኮ!» ሲላችሁ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ናኖው ምኑ ላይ እንደሆነ ጠይቁት። መልስ ካገኛችሁ ለእኔም ላኩልኝ።